ቅዳሜ ማታ፣ በአንድ ሰዓት

በአሮጌው ወፍጮ ቤት በር፣ በምስማር የተመታች፣
ዝናብ ያጨማደዳት ቁራጭ ወረቀት አለች፦
«የሩስያ ምሽት። ቅዳሜ ማታ፣ በአንድ ሰዓት።
ኬክ አለ፣ መጻሕፍት አሉ፣ መግቢያው በነጻ ነው፤
ቋንቋውን ባትችሉም ኑ፤ እኛም የማንችል ነን።»
ከግርጌ ዙልማ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርት፣
ከስሟ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አስምራለች።

እኔ ወንበር ደርዳሪ ነኝ።
በደሜ ሩስያ የለም፤ አያቴ በግ ሸላች ነበር፣
እናቴም ከኡራጓይ ወንዝ ማዶ፣ የአርጀንቲና ጠረፍ ልጅ።
ለኬኩ ነው የመጣሁት። እሺ፣ እውነቱ ይነገር፦
ለኬኩና ለዙልማ።

መጻሕፍቱ ከሞንቴቪዴዮ፣ በሌሊቱ አውቶብስ ሆድ፣
በአራት የፖም ካርቶን፣ በሲባጎ ታስረው መጡ፤
ግማሾቹ ፖም ይሸታሉ፣ ግማሾቹ የምድር ቤት እርጥበት፤
አንዱን ስከፍተው የደረቀ ቅጠል ወደቀ፣
የማን ዕልባት እንደነበር ማን ያውቃል፣
የት ገጽ ላይ ደክሞት እንደተኛ።

በዚህ ከተማ የቀረው ስም ብቻ ነው፦
ሥጋ ሻጩ ሊሴንኮ፣ ጎማ ጠጋኙ ፖታፖቭ።
ፖታፖቭ የሚያውቃት ሩስያኛ ሁለት ቃል ናት፤
አንዷ «ብላ»፣
ሌላዋን እናቱ ፊት አይደፍራትም።
ቅድመ አያቶቻቸው በመርከብ ሲመጡ
በከረጢት የሱፍ ዘር፣ በአንደበት ቃል ይዘው ነበር፤
ሱፉ ሜዳውን ሞላው፣ እስከ ወንዙ ቢጫ ሆነ፤
ቃሉ ግን ጭንጫ ላይ ወደቀ።

ዙልማ ሦስት ገጽ ንግግር አላት፤ አነበበች፤ አዛጋን።
ፊልም ነበር፤ ማሽኑ ጨሰና ዝም አለ።
ኬኩ አለቀ። ወንበር መነቅነቅ ተጀመረ፤
(እኔ የደረደርኩት ወንበር!)
ያን ጊዜ አግራፌና፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ዓይኗን ሞራ የጋረደው፣ ከጥግ ሆና፣
በምርኩዟ ወለሉን ቆረቆረችና፦
«ታዲያ የሚያነብልኝ የለም?» አለች።

የለም። ዙልማ አንገቷን ደፋች።
ከዚያ የፖታፖቭ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ኒልሶን፣
ፊደሉን ከግድግዳው ገበታ በሁለት ሳምንት የለቀመ፣
ትርጉሙን ግን የማያውቅ፣ አንዲትም ቃል፣
ሥዕል ስላለው ብቻ አንዱን ከካርቶኑ መዘዘ፦
የንብ ርባታ መመሪያ።

ጀመረ። ፊደል በፊደል፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው፣
«ኡ… ሌ… ይ…»
«ኡሌይ!» አለች አሮጊቷ። «ቀፎ ነው ልጄ፣ የንብ ቀፎ!»
«ሞ… ሮ… ዝ…»
«ውርጭ! እንዲህ ያለውን አንተ አላየኸውም፣
እኔም አላየሁት፤ እናቴ ግን ስሙን በጠራችው ቁጥር
እጇን ብብቷ ሥር ትከት ነበር።»

እሱ ዓይን አለው፣ ትርጉም የለውም፤
እሷ ትርጉም አላት፣ ዓይን የላትም፤
እንዲህ ተደጋግፈው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ፣
ገጽ አርባ ሁለት ደረሱ።
ማንም አልተነሣም። ፖታፖቭ ባርኔጣውን አወለቀ።

ገጹ የሚለው ይህን ነው፣ እሷ እንደፈታችው፦
«በበረዶ ወራት ቀፎውን አትክፈት፤ ብርዱ ይገባል።
አታንኳኳ፤ ይደነግጣሉ።
ከፈራህ፣ ሞተዋል ብለህ ከሰጋህ፣
በረዶውን በእጅህ ጥረግና
ጆሮህን እንጨቱ ላይ ለጥፍ።
ዝቅ ያለ ጥዝዝታ ከሰማህ
ተመለስ ወደ ቤትህ። አሉ።»

እዚህ ንብ በረዶ አያውቅም፤ ባሕር ዛፉ አበባ አይቸግረው።
መመሪያው ለማንም አይጠቅም።
አግራፌና ግን እጇን ዘረጋች፣ መጽሐፉን ተቀበለችና፣
ከፍታ አላየችም፣ ምን ልታይ፤
ጉንጯን ሽፋኑ ላይ አሳርፋ
ቆየች።

ወንበሮቹን ስሰበስብ፣ ዙልማ ወረቀቷን
ከበሩ ነቅላ «ኬክ አለ» የሚለውን ሰረዘች፤
«በሚቀጥለው ቅዳሜ» ብላ ጻፈች፣ «ገጽ አርባ ሦስት።»
ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብላ፦ «ወንበር ይበቃናል?»
«አይበቃም» አልኳት።
ይበቃ ነበር።