ሕጋዊ ሰውነት

የደብረ ብርሃን ብርድ ቀለም ያስተኛል፤
ጠዋት ማኅተም ብትመታ ግማሹ ይቀራል፣ ግማሹ ይገኛል።
እና ዐሥራ አንድ ዓመት፣
ማልያ ከማጠብ፣ ኳስ ከመንፋት ሌላ፣
ሥራዬ ይቺ ነበረች፦ ማኅተሟን ወደ አፌ አስጠግቼ "ሃ!" ማለት፣
ከዚያ መምታት።
የክለቡ ቃል ሁሉ በኔ ትንፋሽ ሞቆ ነው የወጣው ከቤት።

ክለባችን በሬሳ ነው፣ የወንዙን ስም የወሰደ፤
ጠባዩንም አብሮ ወረሰ፦
ክረምት የፊርማ ገንዘብ ግጥም ብሎ ወረደ፣
በጋ ድንጋዩ ታየ፣ ደመወዙ አነሰ።

አምሃየስ ከሰላ ድንጋይ መጣ፣ አንድ ግራ እግር ይዞ፤
ሰባት ወር በባዶ ኪስ ሮጠ፣ ማልያው በውርጭ ደንዝዞ።
ጸሐፊው አቶ ልሳነወርቅ መጨረሻ ላይ ቢያፍር፣
"የምሰጥህ የለኝም ልጄ፣ መንገድ ልስጥህ" አለው፤
መልቀቂያ ጻፈለት በአንድ መስመር።
ሐምሌ ሃያ ስምንት። ጣሪያው ያፈሳል። ጠብታ ወርዶ ፊርማው ላይ ተኛ።
እዚያ የነበርነው እሱ፣ ጸሐፊው፣ እና እኛ፦
እኔና ማኅተሟ።

ልጁ ሸዋ ሮቢት ወረደ፣ ሙቀቱ እግሩን ፈታ፤
እስከ ታኅሣሥ ዘጠኝ ጎል መታ።
ወሬው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ሽቅብ መጣ፤
አዲሱ ቦርድ ተሰብስቦ "ካሳ!" ብሎ ክስ አወጣ።
"ውሉ ገና ዓመት ይቀረዋል፤ ማኅተሙ የኛ አይደለም፣ ተመሳስሎ የተሠራ!"
ልጁ "የሰባት ወሬስ?" ቢል በተራ፣
"እሱ የፈረሰው ክለብ ነው፤ እኛ በአዲስ ደንብ የቆምን።"
ለእግሩ ወራሽ፣ ለዕዳው ባዳ፤
እንዲህ ያለ አብዶ አላየሁም፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ስቆም ሜዳ ለሜዳ።

የቀጠሮው ዕለት ጠበቃቸው ካባውን አራግፎ፣
"ሕግ ክለብን ሰው ይለዋል፤ ሰው ደግሞ ይሞታል" አለ፣ እጁን አጣጥፎ፤
"የቀድሞው ክለብ ሞቷል። በሬሳ ላይ አይፈረድም።"
ሰው ሳቀ። ዳኛዋም ትንሽ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰው ከሆነ፣ አልኩ በሆዴ፣ አፉ የት ነው? ጉልበቱስ?
ብርድ መትቶት ያውቃል? ስሎ ያውቃል እንደ አምሃየስ?
ትንፋሽ ከነበረው የኔ ነው፤
የካዱትም እሱኑ ነው።

ስሜ ተጠራ። ማኅተሟ ጠረጴዛው ላይ፣ በፖስታ ታሽጋ፤
ራሳቸው ናቸው ያቀረቧት፣ በችሎት ትእዛዝ፣ እያጉረመረሙ።
"አቶ ጥላዬ፣ ያውቋታል?"
አወቅኋት። ሁለት ዓመት ሆናት ከእጄ ሾልካ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀች፣
የ"ሬ" ቀለበት ተሰብራ ከቀረች።
ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ከደመወዜ እንዳይቆረጥ፣
ከማይከፈለኝ ደመወዝ።

"ሃ!" አልኩባት ችሎቱ መሐል። ባዶ ወረቀት ላይ አሳረፍኳት።
ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው
ከመልቀቂያው ጎን አስቀመጡት፣ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤
በሁለቱም ላይ፣ ክቡ መሐል፣ "በረሳ" ይላል ፊደሉ።

ፍርዱ ለመጋቢት ተቀጠረ። መጋቢት ሲደርስ የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል።
እስከዚያ ወረቀቱ ይሮጣል፣ ልጁ ይቀመጣል፤
ከጠባሴ መናኸሪያ ባጃጅ ይነዳል።
ፍሬኑ በቀኝ ነው፤ ግራ እግሩ
ሥራ የላትም፣ እንደ ተሳፋሪ አብራው ትሄዳለች።

ትናንት ማልጄ ተሳፈርኩ። ስወርድ ሒሳብ ዘረጋሁለት፤
"ተወው ጋሼ፣ ክለቡ ይክፈል" አለኝ።
ሁለታችንም ሳቅን፣ በዚያ ብርድ፣
ትንፋሻችን መስታወቱን እስኪሸፍነው።