የጎማ ጫማ

ፔላጌያ ትባላለች፤ የሐዲድ መቀየሪያ ብረት
ሃያ ዓመት ስታነሣ፣ ስትጥል የኖረች ሴት።
ጣቢያዋ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው በሰሌዳ፤
ከወዲህ ጥድ፣ ከወዲያ ጥድ፣ መኻሉ የበረዶ ሜዳ።

ልጇ ሳቭዬሊ ወታደር ነው፤ አሙር በሚሉት ወንዝ ድንበር
ሦስት ዓመት ቆሞ ይጠብቃል የምሥራቁን የአገር በር።
«ጃፓኖቹ» ሲል ይጽፋል፣ «ከማዶ፣ ሲነጋ ሲነጋ
ጢሳቸው ይታየናል፤ ይመጣሉ ተብሎ ነበር በበጋ።
በጋው አለፈ፣ አልመጡም። ካልሲዬ ተቀዷል፤ ላኪልኝ።
አንቺ ግን አትስጊ፤ ከብርድ በቀር እዚህ ጠላት የለብኝ።»

በምዕራብ አገር ይነዳል። ግድግዳው ላይ ያለው ሬዲዮ
የወደቁ ከተሞችን ስም ይቆጥራል፣ አንዴም ሳይል ወዮ።
አለቃዋ ኦሲፕ፣ ሽማግሌው፣ ትምባሆ እየጠቀለለ፣
«ሁለት በር ያለው ቤት» አለ፣ «አንዱን ሲያይ አንዱን ከዘነጋ
ሌባ በጓሮ ይገባል። የምሥራቁ ጦር አይነቃነቅም» አለ።

እሷ በማታውቀው ከተማ፣ እሷን በማታውቅ ከተማ፣
ሰዎች ጠረጴዛ ከበቡ፤ ካርታ ተዘረጋ እንደ ሸማ።
«ነዳጅ የለንም» አለ አንዱ። «ጎማም አልቋል» አለ ሌላ።
በሰሜን ላይ ያረፈች ጣት፣ የሽማግሌ ጣት፣ ቆዳዋ ላላ፣
አንድ ስንዝር ወደ ደቡብ ወረደች፤ ወደ ሞቃቱ ባሕር፣ ወደ ደሴቱ፣
ዛፍ እንደ ላም ወደሚታለብበት፤ ጎማ ነው አሉ ወተቱ።

አንዲት ስንዝር ናት። በቃ። ስለ ካልሲ ማንም አላነሣ።
ያቺ ስንዝር ግን ተሰማች። ሰላይ ይሁን፣ ይሁን ነፋስ፣
ይዟት ሄደ፣ በወረቀት ጥቅልል፣ ሞስኮ ድረስ።
አንድ ሌሊት የጣቢያው ስልክ ጮኸ፤ ኦሲፕ ከእንቅልፉ ተነሣ።
«ባቡር ይመጣል ከምሥራቅ፤ ከኋላው ሌላም፣ ሌላም አለ፤
የእህሉ ወደ ዳር ይውጣ!» ስለ ሁለቱ በር ምንም አላለ።

መጡ። መብራት የላቸውም። ነጭ ካፖርት፣ የፈረስ ትንፋሽ፣
ሸራ የለበሰ መድፍ፤
በየበሩ የቆሙ ልጆች፣ ግማሽ ንቁ፣ እንቅልፋም ግማሽ።
ቆጠረች፤ አርባ ፉርጎ፣ አርባ፣ ደግሞ አርባ። ከዚያ ሰለቻት።
ብረቱን ብቻ ትስባለች፤ ብርዱ በጓንቷ አልፎ በላት።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሚበር ፉርጎ፣ የማን እንደሆነ ያልታየ እጅ
አንድ ነገር ወረወረ፤ ተንከባለለ እስከ ጣቢያው ደጅ።
ቀዳዳ ካልሲ፤ ውስጡ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ ወረቀት።
«እማዬ፣ የት እንደምንሄድ አልነገሩንም፣ እውነት።
ግን ፀሐይ ስትወጣ ከጀርባችን ነው የምናያት።»

ብረቱ ገና በእጇ ነው፤ ጓንቷ ርሷል በላብ።
ስሌቱ ባይገባትም፣ ገባት መንገዱ፤ ምዕራብ።
ኦሲፕን አልጠየቀችም። ኦሲፕም ካርታ የለው።
ቢኖረውስ? የጣት ስንዝር በሐዲድ ማን ሊለካው?

ገብታ ምድጃው ዳር ቁጭ አለች። ከሱፍ ቦቷ ላይ የደረበችውን
የጎማ ጫማ አወለቀች፤ አገላበጠች ግራውን።
ተሰንጥቋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ ተጫምታ ስትኖር
አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም፣ ይህ ነገር ከየት አገር
እንደሚመጣ፤ ከምን ዛፍ፣ ከማን ደሴት፣ በማን መርከብ።
ዛሬም አላሰበችም። ውሃው ነው ያሳሰባት፣ የሚንጠባጠብ።

መርፌና ክር ፈለገች፤ የካልሲውን ቀዳዳ ጀመረች።
ስልኩ ጮኸ።
መርፌውን እንደ ሰካች ትታው፣ ጫማዋን ከነእርጥበቱ አጠለቀች፣
ወደ ብረቱ ወጣች።