አብሽር

በሰኔ መባቻ ሙሩጋን ሲመጣ፣
ሻንጣና ጃንጥላ ከባጃጅ ሲያወጣ፣
"እማማ ሉባባ፣ መብራት አለ?" አለኝ፤
"አለ" አልኩት ባጭሩ። ኪራዩ አጓጉቶኝ
"ሲኖር" የምትለዋ ጉሮሮዬ ላይ ቀረችኝ።

የክር ማሽን ሐኪም፣ ከሕንድ፣ ከቲሩፑር፣
ፋብሪካ ያስመጣው ኮምቦልቻ ሊኖር።
የኋላው ክፍል ግን ቆጣሪ የለውም፤
ከይመር ቤት በአጥር የተሳበው ሽቦም
አንድ አምፖል ቢሸከም ምድጃ አይሸከምም።

በማግስቱ ወጣ፣ ጫማውን ወልውሎ፣
"ሰነዴን አስገብቼ ማታ አበራለሁ" ብሎ።
ዝም አልኩት።

"መስኮት ሦስት" አሉት። መስኮት ሦስት ዝግ ነው።
"ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ሞክረው።"
ከሰዓት ሲመለስ፦ "ሲስተሙ የለም ዛሬ።"
ሲስተሙ የመጣ ቀን፦ "የቤት ካርታ ይኑርህ፣
ካርታው ላይ የሰፈሩት አቶ ይማም አራጋው
ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ" ቢለው ሰው፣
እኔን ጠየቀኝ፦ "መቼ ነው የሚመለሰው?"
ባሌን። ስድስት ዓመቱ አፈር ከለበሰው።

የውርስ ወረቀት ከፍርድ ቤት አወጣን፤
"ኮፒ ይሁን" ሲሉን ኮፒ ቤት ወረድን፤
ኮፒ ቤቱ ጨለማ። መብራት ለመጠየቅ
መብራት ያስፈልጋል። ቆመ በሩ ላይ፣
በሳቅና በለቅሶ መሐል ሲጨነቅ።

ዘበኛው "አብሽር" አለው፣ ጸሐፊዋ "አብሽር"፣
ምሰሶ የሚወጣው፣ ሽቦ አንግቶ የሚዞር፣
"መሰላሉ ደሴ ወጥቷል፤ ይወርዳል፣ አብሽር።"
ማታ ደጄ ቁጭ ብሎ "ምን ማለት ነው?" አለኝ።
"አትጨነቅ ማለት።"
"ታዲያ" አለ "በሰማሁት ቁጥር ለምን አስጨነቀኝ?"

ውሃውም እንደዚሁ፤ ፈረቃ ነው ሳምንቱን፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ያስነጥሳል ቧንቧችን።
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ጀሪካን ደርድረን፣
ነጠላ ጫማችን ጭቃው ውስጥ ሰጥሞብን፣
ስልኩን አወጣና ከእናቱ ጋር አወራ።
ቋንቋውን አላውቅም። ድምፁ ግን ሲኮራ፣
"ሁሉም ደህና" ሲላት ያላስተርጓሚ ገባኝ፤
የነጃቴን ውሸት፣ ያንኑ አሰማኝ።

ልጄ ኩዌት ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ምንም ብጠይቃት "አልሐምዱሊላህ" ነው።
ውጭ አገር ስባል የሷ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣
ከባሕር ወዲያ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ሰፈር።
ለካ ለዚህ የሰው ልጅ ውጭ አገሩ እኔ ነኝ፣
ይኸ የዛገ በሬ፣
በባሌ ስም ያለ ካርታዬ፣
"ነገ ና" የምትል ምላስ፣ እኔንም ያሳደገችኝ።

ሲነጋ ደወልኩላት፦ "ነጃት፣ ያኔ ስትደርሺ
ማን አሳየሽ እሳቱን? ማንን ነበር የጠየቅሽ?"
ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች።
"ምድጃው እኮ እማ፣ መስታወት ነበር፤
ነበልባል የለው፣ ምን የለው፣ ክብሪት ብጭር ብጭር!
የሰበርኩት መስሎኝ፣ መጠየቅ አፍሬ፣
ስምንት ቀን ቴምር በላሁ። ለናንተ ግን ወሬ
ስለ ጥጋቤ ነበር።"

ያን ቀን ለሙሩጋን ሩዙን እኔ ቀቀልኩ፣
በከሰል። ጨው ስላነሰው ነው መሰል፣ ትንሽ በላ።

ቆጣሪው የተሰቀለው ጥር ሲጋመስ ነው፤
እንደ አዲስ ጥጃ በመዳፉ ዳበሰው።
ይመር እንኳ መጣ፣ ሽቦው ስለተቆረጠ
ትንሽ አኩርፎ፣ ግን መርቆ ተቀመጠ።
ሙሩጋን ድስት ጣደ። ምስር፣ ቅመም፣ ሁሉን አዘጋጀ።
ውሃው ገና ሳይሞቅ
ድርግም።
ከፋብሪካው ማዶ እስከ ቦርከና ዳር፣
ድፍን ከተማው።

የማንም ድምፅ የለ። እኔማ አፈርኩኝ፣
ማብሪያውን ያጠፋሁት እኔ ይመስል።
ከዚያ ከጨለማው፣ ከድስቱ አጠገብ፣
"አብሽሪ እማማ" አለኝ።

አብሽሪ። በሴት አንቀጽ። ማንም ሳያስተምረው።
ይመር ሳቁ አመለጠው።
እኔ ከሰል ፍለጋ በዳበሳ ወጣሁ።