አሥራ አምስት ሚሊ

ከወንጂ ጡረታ ስወጣ፣ ከስኳሩ ቤት፣
ትቼው የመጣሁት ቶርኖ አልጋው ስድስት ሜትር ርዝመት፤
ብረቱን በክሬን የሚያጎርሱት፣ ሲነሣ ወለሉ የሚርድለት።
ዛሬ አዳማ፣ ከጓሮዬ፣ ከቆርቆሮዋ ክፍል፣
አንዲት ቶርኖ አለችኝ፣ ስፌት መኪና የምታህል።
ኦብሴ በመጣች ቀን አይታት ሣቀችና፣
«ይቺ ናት ማሽኗ? ጡት አልጣለችም ገና!»
አልተቀየምኩም።

ሸምሱ ልብስ ሰፊው መጣ በነፋስ ቀን፣
የሲንገሩን መዘውር ይዞ፣ የተሰነጠቀ ከሁለት ወገን።
«መለዋወጫው የለም፤ የለም፤ የለም» አለኝ፤
ሦስቴ ሲል፣ ሦስት ከተማ የዞረ መሰለኝ።
የድስት ክዳን አቅልጠን አሸዋ ላይ አፈሰስን፤
አሳደርነው። ሲነጋ መላጥ ጀመርን።
ስለቱ ከጠርዝ ተነሣ፣ ወደ መሐል ሄደ፣
ቅርፊቱ እንደ ብር ክር እየተጠቀለለ ወረደ፤
ገጹ መስተዋት ሆነ፤ ሸምሱ ጢሙን አየበት፤
ሊመርቀኝ አፉን ሲከፍት፣ ቀጥ አለች በዚያች ሰዓት።

እጀታው አልዞር አለ። ስላይዷ ደረሰች ከዳር።
ለካሁት፤ አሥራ አምስት ሚሊ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር።
«ስለቱን አስረዝመህ እሰረው» አለ ሸምሱ፤ አስረዘምኩት፤
ተንቀጠቀጠ፤ ገጹን እንደ ፈንጣጣ ወጋጋሁት።

በወንጂ ዘመን አሥራ አምስት ሚሊ ምን ነበር?
ማታ ተጠርጎ ከበርሜል የሚጣል፣ የማይቆጠር።
አሁን ጣሪያው ላይ ሌሊቱን ሲያፏጭ የአዳማ ነፋስ፣
እኔ በጨለማ ብሎን እቆጥራለሁ፣ ጥርስ በጥርስ።
ዘንጓ አጥራለች፤ ጥርሷ ሲያልቅ ዳዶው ይወልቃል፤
የእጀታው ማቀፊያም ከፊት ቆሞ «እስከዚህ» ይላል።
እንግዲህ ማቀፊያው ወደ እኔ ይውጣ፤ ከሥሩ ይግባ የነሐስ ትራስ፤
ዘንጓም ትርዘም፣ ስለቱ መሐል እስኪደርስ።
ማን ይቁረጣት ታዲያ? ሌላ ቶርኖ የለኝ፤
ሳልፈታት በፊት የገዛ ክንዷን እሷው ትሥራልኝ።

ከቀበሌው አሮጌ ፕሪንተር አንድ ዘንግ አገኘሁ፣
ሦስት ቀን፣ ጥርስ በጥርስ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆረጥኩ።
ጡት አልጣለችም የተባለችው አማጠች።
ሸምሱ በየጠዋቱ በደጄ ያልፋል፤
አይጠይቅም። ያስላል።

ዳዶውንም አዲስ፣ ከነሐስ፣ በልኳ አበጀሁ፤
ገጠምኩ፤ ዘይት ቀባሁ፤ ኦብሴን ከጓዳ ጠራሁ፤
ወደ ቀኝ ባዞርኩት ቁጥር ስላይዷ ወደ እኔ ስትሸሽ አየሁ።
የግራ ጥርስ ነበረች የድሮዋ! የግራ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ፣ ስንቱን ልጅ ያስተማርኩ ሥራ!
ዘንግና ዳዶ ተስማምተዋል፤ በስህተታቸው ተስማምተዋል፤
የመደወያው ቁጥር እንኳ ተገልብጦ ይቆጥራል።

ኦብሴ አልሣቀችም። እሱ ባሰ።
«ታዲያ በግራ አዙረዋ» አለች፤ «ምን አነሰ?»
በበሩ በኩል ወደ ኮረብታው፣ ወደ ነጫጮቹ ክንፎች አየች፤
«እነዚያ በየት በኩል እንደሚዞሩ ማን ጠየቃቸው?» አለች።

ሞከርኩ። እጄ አሻፈረኝ አለ። እጅ ያረጀ በቅሎ ነው፤
ስትደነግጥ የሚሄደው በለመደው።
አንዴ ገጹን ቦረቦርኩት፤ አንዴ ስለቱን ሰበርኩ።
ያኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ «ወዲያ በል፣ አንተ ተመልከት» አለች፤
ምንም ያልለመደ እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች።
ግራ፣ ቀስ፣ ግራ፤ ስለቱ ጠባሳውን ነካ፤
አሥራ አምስቷን ሚሊ እንደ ሽንኩርት ላጠቻት ለካ!

ሸምሱ መዘውሩን ወሰደ፤ ዋጋ ጠየቀ፤ «ለእሷ ክፈል» አልኩ።
የግራዋን ዘንግ ልቆርጥ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ፤
ብረቱም አለ፤ ከመሳቢያው ውስጥ፣ በዘይት ጨርቅ ጠቅልየዋለሁ።
ግን ማታ ማታ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ወንበሯን ስባ ትመጣለች፤
መነጽሬን ትሰጠኛለች፣ እጀታውን ትይዛለች።
«ግራ» እላለሁ።
«አውቃለሁ።»