ጥንድ ፍለጋ

ሻርጃ፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር፣
ቆርቆሮ መጋዘን፣ የጫማ ክምር።
ኮንቴይነር ሲከፈት የሚመጣው ትንፋሽ
የሺህ ሰው መንገድ ነው፣ የሺህ ቤት ልባሽ።

ሥራዬ ጥንድ ፍለጋ ነው።
ግራውን በእጄ ይዤ ቀኙን አስሳለሁ፤
ሲገኝልኝ አንገት ለአንገት አስሬ
ሁለት ጊዜ ቋጥሬ እወረውራለሁ።
ቁጥር አንድ ሣጥን፣ ቁጥር ሁለት ማዳበሪያ፣
ቁጥር ሦስት መጣያ።
«ለሦስተኛው ማሰሪያ አይባክንም»
አለኝ ሻፊቁል፣ አለቃዬ፣ የሲልሄት ልጅ፣
ከፕላስቲክ ነጠላ በቀር
ሌላ አድርጎ አይቼው የማላውቅ ወዳጅ።

ዛሬ አንድ ካርቶን መጣ፣ ያልተከፈተ።
ወረቀቱ እንኳ አልተጨማደደም፣
ዋጋው እንደተለጠፈ ነው፤
ማንም አልረገጠበትም።
ላነሣው ስል ሶሉ ከጣቴ መሀል
እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፣
ዱቄቱ ክንዴ ላይ ቀረ።
«ሙቀት ነው» አለ ሻፊቁል፣
«ካልተራመዱበት በቁሙ ያረጃል።»
ስንት በርሜል ዘይት፣
ስንት ቆርቆሮ ማስቲሽ፣
ስንት ሌሊት የሰፊዋን ዓይን ፈጅቶ
እግር ሳያገኝ ሞተ፤
ሣጥኑ ሬሣ ሣጥኑ፣ ለቀስተኛው እኔ፣
አንድም ዱካ ሳይተው።

እናቴ እግረ እርጥብ ትለኝ ነበር፣
የገባሁበት ቤት ሁሉ ምሳ ይደርስልኛል።
የዛሬው ምሳ ሰዓት ግን የእግር እሳት ይዞ መጣ፦
የወንድ ጫማ፣ ቡናማ፣ እውነተኛ ሌጦ።
አፍንጫዬን አስጠጋሁ።
ሽታውን አውቀዋለሁ፤
ከቆዳ ፋብሪካው በታች ነው ያደግሁት።
ወንዛችን የዓመቱን ፋሽን ከሁሉ ቀድሞ ይሰማ ነበር፤
ሰማያዊ ከወረደ ዘንድሮ ሰማያዊ ነው፣
ቀይ ከወረደ ቀይ።
ልብስ የምናጥበው እሑድ ብቻ፣
ፋብሪካው ሲያርፍ፣
ውኃው ትንሽ ውኃ ሲመስል።
የእትዬ ጥሩወርቅ ላም ሁለቴ ጨነገፈች፤
ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ሸጠቻት።
ቆዳዋን ማን እንደገዛው አይጠየቅም።

ይኸው ደግሞ ጫማው።
ምናልባት በዚሁ አገር እብነ በረድ ላይ
ከመኪና እስከ ሊፍት፣ ከሊፍት እስከ ምንጣፍ ሄዶበታል፤
ተረከዙ እንኳ አልተነካም።
ወንዙን ሙሉ ጠጥቶ
አንድ ኪሎ ሜትር አልተራመደም።
ጥንዱን አገኘሁለት። ቁጥር አንድ።
ስቋጥረው እጄ ትንሽ ጠበቀ።

ማታ፣ ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው ሆኜ፣
ለወንድሜ ለደባልቄ ድምፅ ላክሁለት፦
«ባለፈው የገዛኸው ሰልባጅ ቋጠሮው ስንት ነበር?
ሁለት ከሆነ የእኔ እጅ ነው።»
ቆይቶ መለሰ፤ ሳቁ ይሰማል፦
«ቋጠሮማ ማን ቆጠረ፣ በምላጭ ነው የቆረጥኩት።
ጫማውም በሁለተኛው ዝናብ አፉን ከፈተ፤
ሰፊው እንኳ አልነካም አለኝ፣ ጣልኩት።»
የት ጣልከው? አልኩት።
«የት ይጣላል? ወንዝ ነዋ።»

ጠዋት ከአውቶቡስ ስንወርድ
ነፋሱ ከአጥሩ ጀርባ አሸዋውን ገፎታል።
ቁጥር ሦስት ብለን የጣልናቸው
አፍንጫቸውን አውጥተው ቆመዋል፣
ግማሹ ወደ ባሕሩ፣ ግማሹ ወደ እኛ፣
መሄጃው የጠፋበት ሕዝብ መስለው።
አንዲት ግመል ማሰሪያ ታኝካለች።
ሻፊቁል በሩ ላይ ይቆጥረናል፣
በጣቱ፣ በዝግታ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ።
አዲስ ኮንቴይነር ተከፍቷል።
የሕፃን ጫማ አነሣሁ፣ ግራውን፤
መዳፌን እንኳ አይሞላም።
ቀኙን እየፈለግሁ ነው።