ሌላ ካለ ይገለጽ

ሳሙናው በመርከብ ባሕሩን አቋርጦ፣
ሦስት ድንበር ተሻግሮ፣ ሰባት ኬላ ረግጦ፣
ቡካቩ ይገባል በካርቶን ታሽጎ፣
የንሲሚሬን በር በአቧራው ሸሽጎ።

እሷም ሳሙና ትሠራለች።
የፓልም ዘይቷን በበርሜል አፍልታ፣
በሽቦ ቆራርጣ፣ በጣውላ ላይ ሳምንት አስተኝታ።
መጠለያ ጣቢያው፣ ድንኳኑ ከቆመበት፣
በእግር አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው ከእሷ ቤት።

እኔ ባለ ቦርሳ ነኝ፤ ከበር በር ዟሪ፣
«አምራች አለ?» ባይ፣ ጨረታ አስተማሪ።
ደሞዜን የሚከፍል ሩቅ አገር ያለ ቢሮ
ስኬት ላክልን ይላል፣ በየወሩ ቆጥሮ።

ተቀመጥን። ቅጹን ዘረጋሁት።
«የድርጅቱ ስም?»
«የእናቴ ስም ነው።»
«የተመሠረተበት?»
«ጎረቤቴ ሲሸሽ፣ በርሜሉን ትቶልኝ የሄደ ለት።»
«የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ በኦዲተር የታየ?»
ከጓዳ ደብተር አወጣች፣ ዳር ዳሩ እሳት ያየ።
በዚያ ውስጥ ዱቤው አለ፣ በዚያ ውስጥ ሽያጩ፣
ለኬላ የከፈለችው ሳይቀር፣
ከተቀባዩ ቅጽል ስም ጋር፣ ከነሰዓቱ፣ ከነቁጣው።
የጎደለው የኦዲተር ፊርማ ብቻ ነበር።
«ምርት የተቋረጠበት ጊዜና ምክንያት?»
ሳቀች።
«ጊዜውን ልንገርህ፤ ጥር፣ ኋላም ግንቦት።
ምክንያቱን ግን ያመጡትን ጠይቃቸው፣ መንገድ ላይ ካገኘሃቸው።»

ጨረታው የሚዘጋው በዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤
መብራት የጠፋው በዘጠኝ።
ጄኔሬተር ያለው ጸጉር አስተካካዩ ሙሩላ ነው፤ ወደ እሱ ሮጥን።
ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ መስተዋት ፊት ተገትሮ፣
የመላጫው ገመድ ተነቅሎ፣ የእኛው ተሰክቶ፣
ሙሩላ «ታገሥ፣ ጸጉር ይበቅላል» ብሎ መክሮ፣
አራት ደቂቃ ሲቀር ሄደልን።

ወደቅን።
«በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማኅተም የለም» ይላል ደብዳቤው፤
ጨዋ ነው፣ «ውድ ተወዳዳሪ» ብሎ ነው የሚጀምረው።
አሸናፊው፣ ያው ባሕር ተሻጋሪው።

ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።
እሷ ግን ከአሮጌ ጎማ ማኅተም አስቀረጸች፣
ክብ፣ በመሀሉ በርሜል።
የዚያን ማታ በፋኖስ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር መታችው፤
የዱቤውን ገጽ መታች፣ የኬላውን ገጽ መታች፣
የነደደውንም፣ የቀረለትን ያህል።

ሁለተኛው ጨረታ በዝናብ ወራት ወጣ። ከስድስት አንዱ እጅ ለአካባቢ አምራች።
አገኘችው። ስድስት ሺህ ሳሙና።
እልል ልል አፌን ስከፍት በሩን ገጠመችው፦
«ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ማሸነፌን ቀድሞ የሚሰማው ኬላው ነው።»
«ፎቶ ላክ፣ ፈገግ ትበል» አለኝ ቢሮዬ።
እጇን ብቻ አነሣሁ፣ ኮስቲክ ሶዳ የላጠውን እጅ።
«ፊት የላትም?» ብለው ጻፉ።
«ኬላ አለ» ብዬ መለስኩ።

ለመኪና ገንዘብ አልነበረም።
ዐሥራ ሁለት ሴቶች ሳሙናውን በግንባር ማዘያ አንጠልጥለው ወጡ፣
ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣
የአርባ ደቂቃውን መንገድ በአርባ ደቂቃ ሄዱት።
ይኸው ነው፤ ለሪፖርት የሚሆን ሌላ ነገር አላየሁም።

ዘንድሮ ቅጹን ለብቻዋ ሞላችው። እኔን አልጠራችም።
ከመላኳ በፊት ግን አሳየችኝ፣
የት ጋ እንደማልፈልግ እያወቀች፦
በመጨረሻው ረድፍ፣ ሁሉም ባዶ በሚተወው፣
«ሌላ ካለ ይገለጽ» በሚለው፣ በእጅ ጽሑፏ፦

«ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ ሙጊሾ የሚባል አለ። እሱም ሳሙና ይሠራል።
በርሜሉ የእሱ ነበር። ከስደት ተመልሷል።
ስድስቱን ሺህ ለሁለት ብትከፍሉት አንጣላም።»

ከግርጌው ማኅተም፣ ትንሽ ዘመም ያለ።