የጫማዬ ጫፍ

ስምንት ደቂቃ ተሰጠን፣ ውሾች ከመግባታቸው በፊት፤
ሴይናዮኪ ዳርቻ፣ ፈረስ በሚጋለብበት ቤት፣
አርባ ጎልማሳ ይዞራል፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ዋሻ፣
«ነይ! ዙሪ! ዝለይ!» እያለ፣ አጠገቡ ለሌለ ውሻ።
የባንክ ሒሳብ ሹሙ አለ፣ የጥርስ ሐኪሟ አለች፣
አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሆዷን ደግፋ ትሮጣለች።
ከላይ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ነገሩን የማያውቅ ቢያይ፣
ለማይታይ ሠራዊት አዛዦች ነን፣ እርስ በርስ የማንተያይ።

እኔም አለሁ፣ ሂልካ፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ፣
የተማሪ አውቶቡስ ነጂ፣ ዘይት ያጣ ጉልበቴ።
እቆጥራለሁ፦ አግዳሚ፣ አግዳሚ፣ ዥዋዥዌ ሳንቃ፣
አሥራ ሁለት ዘንግ፣ ቁልቁለት... እስከዚህ ቀላል ነው፣ በቃ።
አሥራ አራተኛው ላይ ግን መንታ መንገድ አለ፤
ቱቦው በግራ አፉን ከፍቷል፣ አግዳሚው በቀኝ ተተከለ።
ዳኛው ራይቮ፣ ከኢስቶንያ የመጣው፣ ፊቱ የማይፈታ፣
ሆን ብሎ ነው ያጠመደው፣ ትናንት ብቻውን፣ ማታ።

ፒልቪ ገባች፤ ደመና ማለት ነው ስሟ በቋንቋችን፣
አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የወደቀ፣ ግራጫ እንደ ኅዳር ሰማያችን።
«ኢስቱ» አልኳት፤ ተቀመጠች። ጥያት ሄድኩ፣ ሦስት አግዳሚ አልፌ፣
ዞር ብዬ አላየኋትም፤ ቃሉን ይዤው በአፌ።
ይህን መጠበቅ ለማስተማር ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤
አንድ እርምጃ፣ አንድ ቁራሽ ቋሊማ፤ ኪሴ እስካሁን ይሸተኛል።
ዩርኪ አሠልጣኙ «ቀስ!» ሲል ከዳር ቆሞ፣ እኔ ስቸኩል፣
እሷ ስትነሣ፣ ስመልሳት፣ ደከመን ሁለታችን እኩል።

«ነይ!»

ተፈተለከች።
ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆመች፣ መሬት እስኪነካ ጠበቀች፤
በዘንጎቹ መሀል እንደ መርፌ እየጠቀመች ሾለከች፣
ጅራቷ ከኋላ ክር ሆኖ። የሰዓቱ ቀይ ቁጥር ሲሮጥ፣
አዳራሹ ዝም ሲል፣ እኔ ጉልበቴ ሲቆረጥ፣
አሥራ አራት። «ዝለይ!» አልኩ። እጄም ቀኝ አሳየ።
ጉልበቴ ግን ወጋኝና፣ የግራ ጫማዬ ጫፍ፣
ትንሽ፣ የአውራ ጣት ስፋት፣ ቱቦውን ዞሮ አየ።

ፒልቪ አየችው። ቃሌን ሰማች፣ ጫማዬን ግን አመነች፤
በወዲያኛው አፍ ብቅ ብላ፣ «ታዲያስ?» ብላ ቆመች።
ራይቮ እጁን አነሣ። ፊሽካ። ያ ረጅም ፊሽካ።
የሁለት ክረምት ድካሜ በአንድ ጫማ ጫፍ ተለካ።

ደንቡ መጨረስ ይፈቅዳል፤ ነጥብ ግን አይቆጠርም፤
እሷ ሽንፈት የሚባል ነገር ከማንም ሰምታ አታውቅም።
የቀሩትን ስድስት ዘለለች፣ ከበፊቱ አስበልጣ፣
ምላሷን ጥላ መጣች፣ ቋሊማዋን ልትቀበል ሮጣ።
ሰጠኋት። ምን ላድርግ? የነገርኳትን ነው የሠራችው፤
አፌ ያለውን ሳይሆን፣ እግሬ ያላትን ነው የሰማችው።

ሠላሳ ዓመት በአውቶቡሱ መስታወት ልጆች አይቻለሁ፤
«ደህና ነኝ» የሚለውን፣ የተደበደበውን፣ በትከሻው እለያለሁ።
እኔም እንዲህ እንደምነበብ፣ ከጉልበቴ በታች፣
ማን ነገረኝ? አንዲት ውሻ፣ ያውም ተሸንፋ የፈነደቀች።

ዩርኪ የአተር ሾርባ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፤
«ቪዲዮው አለኝ» አለ። ጫማዬ ላይ ሲደርስ አቆመው።
ምንም አላለም። ሾርባውን ዋጠ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ይመሻል እዚህ፣ በኅዳር ወር፤
አምስት ባልዲ ደፋሁ ጓሮ፣ በረዶው ላይ፣ በአምፖል ሥር።
ፒልቪን ቤት ትቼ፣ ብቻዬን፣ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ፣
ከባልዲ ወደ ባልዲ «ቀኝ... ቀኝ...» እያልኩ ቆየሁ።
አንዳንዴ እግሬ ይታዘዛል፣ አንዳንዴ በልማዱ ይኮበልላል፤
ስልሳ አንድ ዓመት ያለከልካይ የኖረ እግር በአንድ ማታ እንዴት ይገራል?
ጎረቤቴ ቫይኖ፣ አካፋ ይዞ፣ በአጥሩ በላይ አየኝ፤
«ውሻሽ የት አለች?» አለ።
ወደ መስኮቱ ጠቆምኩት። ሳይገባው ተሰናበተኝ።

መስኮቱ ላይ ናት ፒልቪ፤ አንዱ ጆሮ ቆሞ፣ ሌላው ተኝቶ፣
ትንፋሿ መስታወቱን አደብዝዞ፣ አፍንጫዋ ነጥብ ሠርቶ።
ነገ ሰኞ ነው፤ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ሞተር አስነሣለሁ።
«አንድ ዙር ብቻ» እላለሁ፤
ደግሞ አንድ፣ እላለሁ።